ጭዱ፣ ቆረቆንዳው ወይስ ፉርሽካው? ጎጃም ላይ ከተረፈ ምርት ኢንዛይም ለማምረት ለምታስቡ

ጥር ላይ ቢቸና አካባቢ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፤ ጭዱ ጓሮ ተከምሯል። ግማሽ ጆንያ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«ለምንህ ነው?»

«ሻጋታ ላበቅልበት።»

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «ውሰድ። ሐምሌ ላይ በሬዬ ሲርበው ግን ሻጋታህን ይዘህ ና፣ እሺ?»

ቀልድ ነው። ግን ከዚያ በፊት ካነበብኩት ብዙ ነገር ይልቅ ያቺ ቀልድ አስተምራኛለች። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኞቹ «ርካሽና በብዛት የሚገኝ የግብርና ቆሻሻ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ፈልጋችሁ እዩ። ጭዱ የበሬ ነው፤ የተረፈው ለግድግዳ ጭቃ ይቦካል። አገዳው ማገዶ ነው። አተላው የላም ነው። ፉርሽካው በኩንታል ተሸጦ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለቤት አለው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እንጀምር እያሉ ለሚማከሩ ጓደኛሞችና የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። ምርጫው ብዙ ነው፤ የትኛው ኢንዛይም፣ የትኛው ተረፈ ምርት፣ የትኛው ፈንገስ፣ በደረቅ ወይስ በፈሳሽ። እኔ የማደላበትን ሳልደብቅ ላወዳድራችሁ።

መጀመሪያ፣ ሻጋታ ምን ሠርቶ ነው ገንዘብ የሚሆነው?

ጠላ የጠመቀ ሰው ኢንዛይምን ያውቀዋል፤ ስሙን ባይጠራውም። ብቅል ለምን ይጨመራል? ገብሱ ሲበቅል ውስጡ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈጠራል። አሚሌዙ የእህሉን ስታርች ሰባብሮ ስኳር ያደርገዋል። እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ብቅል ካልገባ እርሾው ጦሙን ያድራል።

ሻጋታም ያንኑ ሥራ ይሠራል። አፍም ሆድም ስለሌለው ምግቡ ላይ ተዘርግቶ ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይረጫል። እዚያው ውጭ ያደቀዋል፤ ከዚያ ይመጠዋል። ለእኛ የሚመቸን ይህ «ወደ ውጭ» የሚለው ነው። ኢንዛይሙን ለማግኘት ሻጋታውን መፍጨት አያስፈልግም። በውሃ አጥቦ መጭመቅ ይበቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጃፓኖች ሩዝ ላይ ሻጋታ እያበቀሉ፣ ኮጂ እያሉ፣ ለመቶዎች ዓመታት መጠጥና ማጣፈጫ ሠርተውበታል። ጆኪቺ ታካሚኔ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ መንገድ ለሚገኝ ኢንዛይም የባለቤትነት መብት አወጣ። ሻጋታውን ያበቀለው በምን ላይ መሰላችሁ? በስንዴ ፉርሽካ። ምርቱ ምግብ ለማይፈጭላቸው ሰዎች መድኃኒት ሆኖ ተሸጠ። ፉርሽካ ላይ ሻጋታ አብቅሎ መሸጥ እንግዲህ ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ንግድ ነው።

ከጭዱ አትጀምሩ፤ ከገዢው ጀምሩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «እኛ ሰፈር በቆሎ አለ፤ ከበቆሎው ምን እንሥራ?» ይላል። ጥያቄው መገልበጥ አለበት። ማን ምን ኢንዛይም ይፈልጋል?

አሚሌዝ ስታርች ይሰብራል። ዳቦ ቤት ይፈልገዋል፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ክሩ ላይ የተቀባውን ስታርች ለማስለቀቅ ይጠቀምበታል። ባሕር ዳር ሁለቱም አሉ። ፕሮቲዬዝ ፕሮቲን ይሰብራል። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር ለማንሳትና ቆዳ ለማለስለስ፣ ሳሙና አምራች ደግሞ የደምና የወተት እድፍ ለማስለቀቅ ይፈልገዋል። ፔክቲኔዝ ፔክቲን የሚባለውን የፍራፍሬ ሙጫ ይፈታል፤ ጭማቂ ያጠራል፣ የሚወጣውንም ያበዛል። ዛይላኔዝና ፋይቴዝ የዶሮ መኖ ውስጥ ይገባሉ። ዛይላኔዝ ዛይላን የሚባለውን የተክል ግድግዳ ክፍል ይሰብራል፤ ስንዴ የበዛበት መኖ ዶሮዋ አንጀት ውስጥ እንዳይዝለገለግ ያደርጋል። ፋይቴዝ እህሉ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል።

ሴሉሌዝስ? ሁሉም ተማሪ የሚወደው እሱን ነው። ጭድን ወደ ስኳር፣ ስኳርን ወደ ነዳጅ የሚለው ታሪክ ያማልላል። ሴሉሌዝ ግን ከሁሉም ቀርፋፋው ነው። ብዙ ቀን ይፈጃል፤ የሚገኘው ኃይልም ትንሽ ነው። ለነዳጅ ሥራ የሚያስፈልገው መጠን ደግሞ በትሪ የሚመረት አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን። ለገቢ ግን አልመክርም።

ለጀማሪ የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ አሚሌዝ፣ ከዚያ ዛይላኔዝ፣ ከዚያ ፔክቲኔዝ። አሚሌዝን ያስቀደምኩት የተሻለ ስለሚሸጥ ብቻ አይደለም። ሠራ አልሠራም የሚለውን በአንድ ጠብታ አዮዲን ማወቅ ስለሚቻል ነው። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጥሬ ዕቃውን እናወዳድር

ፉርሽካ የሁሉም መለኪያ ነው። ስታርችም፣ ዛይላንም፣ ከመቶ 15 ገደማ ፕሮቲንም አለው። ማለትም ለሻጋታው ሙሉ ማዕድ ነው፤ ምንም ሳትጨምሩበት ይበቅላል። ቅርጹም ይመቻል። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፤ ግን አይጣበቅም፣ አየር ያስገባል። እኩል ለእኩል ውሃ ብታጠጡት እርጥበቱ ከመቶ 55 ገደማ ይሆናል። ሻጋታ የሚወደው እዚያ አካባቢ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። ከብት የሚያደልቡና ወተት የሚያልቡ ሰዎች ይሻሙበታል። ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ተሰልፋችሁ ነው የምትገዙት። እና ፉርሽካ ርካሽ አይደለም፤ ግን አያሳፍርም። የመጀመሪያ ሙከራችሁን በሌላ ነገር አትጀምሩ። ፉርሽካ ላይ ያልበቀለ ሻጋታ ጭድ ላይ ይበቅላል ብላችሁ አትጠብቁ።

የበቆሎ ቆረቆንዳ የእኔ ምርጫ ነው፤ ለዛይላኔዝ። ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ፍኖተ ሰላም በኩል ያለውን የበቆሎ አገር አስቡት። መፈልፈያው ያለበት ቦታ ላይ ቆረቆንዳው ይከመራል። ማገዶ ይሆናል፣ አዎ፤ ግን ከብት አይሻማበትም። እንዳለ ቢሰጠው በሬው አሽትቶ ነው የሚተወው። ዛይላኑ ደግሞ ከመቶ 30 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሻጋታ የሚረጨው ኢንዛይም በሚበላው ነገር ይወሰናል፤ ዛይላን ከሰጣችሁት ዛይላኔዝ ይሰጣችኋል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብቻውን ካደረጋችሁት ሻጋታው ይከሳል። ሲሶ ያህል ፉርሽካ ወይም ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉበት። ፋጉሎው ከመቶ 30 አካባቢ ፕሮቲን ስላለው ጥቂቱ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ነው። መፍጨት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ የወፍጮ ወጪ ነው። ሲፈጭ እንደ ክክ ይሁን እንጂ እንደ ዱቄት አይሁን። ዱቄት ከሆነ ሲረጥብ ይለጠፍና አየር ይታፈናል።

የጤፍ ጭድ። እነማይ፣ ደጀን፣ ሸበል በረንታ፤ አገሩ የጤፍ አገር ነው፣ ጭዱም ተራራ ነው። በጥናት ሁሉ ላይ የምታገኙትም እሱን ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። ይሠራል። ግን ሲከር፣ ውሃ ሲገፋ፣ መጀመሪያ በኖራ ውሃ ካልተዘፈዘፈ ሻጋታው ላዩን ብቻ ልሶ ሲተወው አይቻለሁ። ከዘፈዘፋችሁት ደግሞ ማጠብ አለ፣ ውሃ አለ፣ ጉልበት አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ የአጎቴ በሬ አለ። ከብት የሚበላው ነገር ክረምት ሲገባ ዋጋው ይንራል። በጥር ዋጋ ያሰላችሁት በሐምሌ ያከስራችኋል።

የፍራፍሬ ልጣጭ እውነተኛ ቆሻሻ ነው። ባሕር ዳር ያሉ ጁስ ቤቶችን ማታ ሲዘጉ እዩ። የማንጎ ልጣጭ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ፓፓያ፤ በጆንያ ወጥቶ ይጣላል። ማንም «የእኔ ነው» አይልም። ለፔክቲኔዝ ከዚህ የተሻለ የለም። ደርቆ ሲለካ የብርቱካን ልጣጭ ከመቶ 20 እስከ 30 ፔክቲን ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ብርቱካንና ሎሚ ልጣጫቸው ላይ ዘይት አላቸው፤ እጅ ላይ ሲጨመቅ የሚያቃጥለው። ያ ዘይት ሻጋታ ይከለክላል። ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ በሙቅ ውሃም አጥቡት። ሌላው፣ ልጣጭ ቶሎ ይበሰብሳል። በዚያው ማታ ካልሰበሰባችሁት ጠዋት የዝንብ ነው። ስለዚህ ይሄ ሥራ ከባሕር ዳር ውጭ አይታየኝም።

የጠላና የአረቄ አተላን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ግን ውሃ ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ውስጡ የራሱ እርሾና ባክቴሪያ ሞልቶታል። ካልቀቀላችሁት የምታበቅሉት የእናንተን ሻጋታ ሳይሆን የእሱን ነው። እንደ ማዳበሪያ ቅመም ጠብ አድርጉበት፤ ዋና ዕቃ አታድርጉት።

ባጋስ፣ ማለትም ተጨምቆ የቀረው የሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ ጣና በለስ በኩል አለ። ስኳር ፋብሪካ ግን ራሱ ቦይለር ውስጥ ያነደዋል፤ ያም ባለቤት አለው። ከፋብሪካው አጠገብ ካልሆናችሁ እርሱት። ማጓጓዣው ይበላችኋል።

እምቦጭ? እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ «ከእሱ አንድ ነገር ይሠራ» የማይል የለም። እኔም ልቤ ይፈልጋል። ግን ከመቶ 90 በላይ ውሃ ነው። መቶ ኪሎ ጎትታችሁ አውጥታችሁ ስታደርቁት አሥር ኪሎ አይሞላም። ሥሩ ደግሞ ከውሃው ውስጥ ከባድ ብረቶችን ይሰበስባል፤ ለመኖና ለምግብ የሚሆን ኢንዛይም አልሠራበትም።

የጫቱን ገራባ ደግሞ አንድ ወዳጄ አንስቶብኝ ነበር። ባሕር ዳር በየማዕዘኑ ይወድቃል፣ እውነት ነው። ግን አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ይበዛበታል፤ ታኒን ደግሞ ኢንዛይሙን ራሱን ይይዘዋል። ተውት ለፍየሉ።

የትኛው ፈንገስ?

አስፐርጊለስ ኦራይዜ የኮጂው ሻጋታ ነው። ለአሚሌዝና ለፕሮቲዬዝ። ፈጣን ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃዋል። ለምግብ ሥራ ረጅም ታሪክ ስላለው ለጀማሪ እሱን አስቀድማለሁ።

አስፐርጊለስ ናይጀር ጥቁሩ ነው። ፔክቲኔዝ፣ ዛይላኔዝ፣ ፋይቴዝ ከእሱ ይገኛሉ። አሲድ ይችላል፤ ስለዚህ ትንሽ ኮምጣጣ ብታደርጉለት ባክቴሪያው ሲሸሽ እሱ ይቀራል። ለቆረቆንዳና ለልጣጭ እሱን።

ትራይኮደርማ ሪሴይ የሴሉሌዙ ጌታ ነው። ታሪኩ ያዝናናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ሰለሞን ደሴቶች ላይ ድንኳናቸውና የጥጥ ዕቃቸው እየበሰበሰ አስቸገራቸው። የበሰበሰውን ሲመረምሩ ይህን ፈንገስ አገኙ። ጨርቅ የሚበላ ፈንገስ ማለት ሴሉሎስ የሚሰብር ፈንገስ ነው። ዛሬ የዓለም የሴሉሌዝ ንግድ ባብዛኛው ከዚያ ድንኳን የመጣ ዘር ላይ ቆሟል። ግን ባሕሪ አለው። ስኳር ካገኘ ኢንዛይም ማውጣቱን ያቆማል፤ ምን በወጣው፣ ጠግቧል። ሴሉሎሱን እስከ ስኳር የምታደርሰውን የመጨረሻዋን ደረጃ የምትሠራው ኢንዛይም፣ ቤታ ግሉኮሲዴዝ፣ እሱ ጋ ታንሳለች። ስለዚህ ሴሉሌዝ የግድ ካላችሁ ከናይጀር ጋር አዛምዱት።

አራተኛ ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የእንጉዳይ ዘር። የኦይስተር እንጉዳይ ጭድና ቆረቆንዳ ላይ ይበቅላል። መጀመሪያ እንጉዳዩን ትሸጣላችሁ። ከዚያ የተረፈው አፈር መሳይ ነገር ውስጥ ላኬዝ (የእንጨትን ጠንካራ ክፍል፣ ሊግኒንን የሚሰብር ኢንዛይም) እና ዛይላኔዝ ይኖራል፤ ከዚያ ማጠብ ይቻላል። ኢንዛይሙ ባይሸጥ እንጉዳዩ ኪሳራ ይሸፍናል። ለማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ይሄ ይሻላል እላለሁ።

የፈንገሱን ዘር ግን ከየት? ከዳቦ ላይ አንስታችሁ አይደለም። የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የረቂቅ ተሕዋስያን ክምችት አለው። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም በዚህ የሚሠሩ መምህራን አሉ፤ ጠይቋቸው። ለምን ይሄን ያህል እንደማከርር ታች አለ።

በደረቁ ወይስ በፈሳሹ?

በደረቁ ማለት ፉርሽካውን አርጥቦ፣ በእንፋሎት ቀቅሎ፣ ዘሩን ቀላቅሎ፣ ትሪ ላይ ዘርግቶ መተው ነው። ውሃ ሲንጠባጠብ አይታይም። መለኪያው እጅ ነው። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት በጣቶቻችሁ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከወረደ በዝቷል።

በፈሳሹ ማለት ተረፈ ምርቱን ብዙ ውሃ ውስጥ ከትቶ፣ በጋን ውስጥ አየር እየነፉና እያማሰሉ ማብላላት ነው። የዓለም ትልልቅ ኢንዛይም ፋብሪካዎች ባብዛኛው የሚሠሩት በዚህ ነው። ሙቀቱንም አሲዱንም በማሽን መቆጣጠር ይቻላል። ምርቱ ከዙር ዙር አይለያይም።

ታዲያ ለምን ደረቁን እላለሁ? መብራት። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ሻጋታ የሚተነፍሰው በፓምፕ ነው። መብራት ለግማሽ ቀን ከጠፋ ይታፈናል፤ የሳምንት ሥራ ገደል ይገባል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሲወዘውዘው የከረመው ጠርሙስ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተበላሽቶበታል። ትሪ ላይ ያለው ግን መብራት ሄደ መጣ ግድ የለውም። ውሃም ይቆጥባል። የሚወጣው ጭማቂም ወፍራም ነው፤ ሲያደርቁት ብዙ ነዳጅ አይበላም።

የደረቁ ጠላት ሙቀት ነው። ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ጠበበኝና ፉርሽካውን ባልዲ ውስጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን ከላይ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ አዲስ ጋቢ። ደስ ብሎኝ ቆፈር አደረግኩት። ከሥሩ የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም። ሻጋታው ሲሠራ ራሱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ መሃሉ ይቀቀላል፣ ባክቴሪያ ይወርሰዋል። ውፍረቱ ከሁለት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ከአንድ ቀን በኋላ በንጹሕ እጅ አገላብጡት።

ማርቆስና ባሕር ዳር አንድ አይደሉም

መጽሐፉ «በ121 ዲግሪ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ቀቅል» ይላል። ያ በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፕሬዠር ኩከራችሁ የተለመደውን 15 ፒኤስአይ ግፊት ቢያሳይ እንኳ ውስጡ ያለው ሙቀት 117 አካባቢ ነው የሚደርሰው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች በትንሹ ብቻ ትሻላለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጊዜውን አስረዝሙ። እኔ 45 ደቂቃ አደርገዋለሁ። ይህን ሳያውቁ «ዘሩ ነው የተበላሸው» ብለው የጣሉ ሰዎች አሉ። የተበላሸው ቅቀላው ነው።

ሻጋታዎቹ የሚወዱት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር በበጋ ቀን ላይ ያለ ማሞቂያ ይቀራረባል። ማርቆስና እንጅባራ ሌሊት ብርድ ነው፤ የተዘጋ ሣጥንና አንድ አምፖል ያስፈልጋል። ዓባይ በረሃ ዳር ያሉ ቆላዎች ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ጭንቁ ማቀዝቀዝ ነው። ሥራውን የት እንደምታቋቁሙ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን አስቡ። ጥሬ ዕቃው ቡሬ ካለ ቡሬ ሥሩ። ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ነው፣ በቆሎው አለ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያው ነው። ገዢ ከመጣ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሠርቷል ወይ?

ቀኑ ሲሞላ አንድ እጅ የበቀለውን በአሥር እጅ ውሃ ዘፍዝፉ። ግማሽ ሰዓት እያማሰላችሁ በሻሽ ጨምቁት። የሚወርደው ቡናማ ውሃ ድፍድፍ ኢንዛይም ነው።

ለአሚሌዝ፤ ትንሽ የበቆሎ ስታርች በውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ከጭማቂው ጨምሩበት። በየደቂቃው አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ እያወጣችሁ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። መጀመሪያ ሰማያዊ ጥቁር ነው። ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ የአዮዲኑ ብጫ ብቻ ይቀራል። በስንት ደቂቃ ጠፋ የሚለው የእናንተ መለኪያ ነው። ጎን ለጎን የተፈላ ጭማቂ ያለበት ሌላ ብርጭቆ አስቀምጡ፤ የፈላ ኢንዛይም ስለማይሠራ ያኛው ሰማያዊ ሆኖ መቅረት አለበት። ለፔክቲኔዝ የማንጎ ጭማቂ ውስጥ ጨምራችሁ ሲጠራ እዩ። ዛይላኔዝን ግን ቤት ውስጥ መለካት አይቻልም። ዲኤንኤስ የሚባለውን የስኳር መለኪያና ቀለም አንባቢ መሣሪያ ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ለምኑ፤ ወይም ክፈሉ።

ልኬቱን እንደ ቅንጦት አትዩት። ፋብሪካ የሚጠይቃችሁ «ስንት ኪሎ?» ብሎ አይደለም፤ «በግራም ስንት ዩኒት?» ብሎ ነው። ዛሬ ያመጣችሁት ካለፈው ወር እኩል ካልሠራ ሁለተኛ አይገዛችሁም። አብዛኛው ኢንዛይም ከውጭ የሚገባው አገር ውስጥ ሻጋታ ጠፍቶ አይደለም። ያ ከውጭ የመጣው ጆንያ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም

እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር መኖው ውስጥ የገባው የለውዝ ፋጉሎ ሻግቷል። አስፐርጊለስ ፍሌቨስ የሚባለው ሻጋታ መርዝ ረጭቶበታል። አፍላቶክሲን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ጉበት ያጠቃል፤ ካንሰርም ያመጣል። ይህ ሻጋታ በቆሎ ላይ፣ በርበሬ ላይ፣ እርጥብ ጎተራ ውስጥ እኛም ጋ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከኮጂው ሻጋታ ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም አረንጓዴ ብጫ ናቸው። በዓይን አይለዩም።

ስለዚህ ራሱ የበቀለ ሻጋታ ላይ አትሥሩ። ዘሩ ከታወቀ ቦታ ይምጣ። የሻገተ ቆረቆንዳ አትግዙ፤ ቅቀላ ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ትሪው ላይ ዱቄት መሳይ ዘር ከመውጣቱ በፊት ሰብስቡ፤ ስታገላብጡም ማስክ አድርጉ። አስም ያለበት ሰው እዚያ ክፍል አይግባ። ለምግብና ለመኖ ከመሸጣችሁ በፊት የመርዝ ምርመራ አስደርጉ፤ ፈቃዱንም አውጡ። ለጨርቅና ለቆዳ የሚሆነው በዚህ በኩል ትንሽ ይቀላል።

እኔ ብሆን

ተማሪ ብሆን ፉርሽካን ከቆረቆንዳ ጋር በተለያየ መጠን አቀላቅዬ በናይጀር ዛይላኔዝ እሠራና የትኛው ድብልቅ እንደሚሻል እለካለሁ። የጤፍ ጭድ ላይ ብዙ ተጽፏል።

ባሕር ዳር ሆኜ ትንሽ ገንዘብ ቢኖረኝ አሥር ጁስ ቤት እዋዋላለሁ። ማታ ማታ ልጣጭ እሰበስባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ፔክቲኔዝ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ገዢዎቼም እነዚያው ጭማቂ የሚያዘጋጁት ይሆናሉ።

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ አምስት ሆነን ብንደራጅ በእንጉዳይ እንጀምራለን። በሁለተኛው ዓመት ትሪ እናስገባለን፤ ቆረቆንዳ ሁለት እጅ፣ ፉርሽካ አንድ እጅ። ደርቆ በጆንያ የሚቀመጥ የመኖ ዛይላኔዝ እናወጣለን። ሲደርቅ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ እንጠነቀቃለን፤ ጥላ ሥር ነፋስ ይበቃል። ታጥቦ የተረፈው ኮምፖስት ይሆናል።

ማርቆስ ብሆን አሚሌዝ በፉርሽካ፣ በሣጥን ውስጥ፣ በአምፖል።

የአጎቴ ጭድ ግማሹ ገና ጆንያው ውስጥ አለ፤ ደረቅ ነው፣ አልሻገተም። ሐምሌ ሳይገባ ቢቸና ወስጄ እመልስለታለሁ።